ሩጫው ካበቃ በኋላ፤ ከአርቦዬ እስከ በቆጂ

ስለ አርሲ በተወራ ቁጥር፥ ውድ አንባቢያን፥ ከሁለት ነገር አንዱ ወደ አሳባችሁ ሳይመጣ አይቀርም፤ ወይ ስንዴው፥ ወይ ሯጩ። ስንዴው ዘንድሮ ቢታጨድ ለከርሞ ይዘራል። የሯጭ ጉልበት ግን ምርቱ አንድ ጊዜ ከተሰበሰበ ዳግመኛ አይዘራም። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። ሯጭ ግን ብዙውን ጊዜ እኩዮቹ ገና የሥራ ደረጃ በሚወጡበት ዕድሜ ሥራው ያልቅበታል። እንግዲህ ገና የዕድሜው እኩሌታ የቀረው ሰው ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ይዘን ከአርቦዬ ተነሥተን እስከ በቆጂ ድረስ አብረን እንጓዝ።

አርቦዬ የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የምትገኘውም ከአዳማ ወደ አሰላ ከሚወስደው ዋና መንገድ በስተ ምሥራቅ፥ የአርሲ ደጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚያዘነብልበት በኩል ነው። ስሟ በኦሊምፒክ ዜና ውስጥ እንደ በቆጂ ሲጠራ አይሰማም። ጉዞአችንን ከእርሷ መጀመራችንም ስለዚሁ ነው። የሯጮቹ ታሪክ ይበልጥ የሚጠቅመው ስማቸው በዓለም ለታወቀው ከተሞች ሳይሆን፥ ያንኑ ዜና በሬዲዮና በቴሌቪዥን እየሰማ ለሚያድገው ለሌላው ከተማ ልጅ ነውና። ጠዋት ከከተማው ወጣ ብትሉ ደብተራቸውን ይዘው ከየገጠሩ ወደ ትምህርት ቤት የሚጎርፉትን ልጆች ታገኛላችሁ። ከእነርሱ መካከል የረፈደበት ይሮጣል። የሚሮጠውም የአስተማሪውን ቁጣ ፈርቶ እንጂ ሜዳልያ አስቦ አይደለም። በአርሲ ብዙው ሩጫ የተጀመረው እንዲሁ ነው።

ከአርቦዬ ወደ ምዕራብ ተጉዛችሁ ዋናውን መንገድ ስታገኙ ነገሩ ይለወጣል። ይህ መንገድ ከአዳማ ተነሥቶ፥ መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግሮ፥ በዴራና በኢተያ አልፎ አሰላ ይገባል፤ ከአሰላም በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ ይወጣል። በመስከረም 1993 ዓ.ም. አውስትራልያ ውስጥ በሲድኒ ከተማ በተደረገው ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ 4 የወርቅ ሜዳልያ አግኝታ ነበር። ከአራቱ ሦስቱን ያመጡት የዚህ የአንድ መንገድ ልጆች ናቸው። መስከረም 15 ቀን የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ በወንዶች 10,000 ሜትር፥ መስከረም 20 ቀን የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በሴቶች 10,000 ሜትር፥ በማግስቱ መስከረም 21 ቀን ደግሞ የኢተያው ገዛኸኝ አበራ በማራቶን አሸነፉ። አራተኛውን ወርቅ ያመጣው ሚልዮን ወልዴ ነው፤ በ5,000 ሜትር። ሦስቱ የአርሲ ልጆች ድሉን ያገኙት በ7 ቀን ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ሳምንት በኋላ የሄዱበት መንገድ ግን የየቅል ሆነ።

ዋናውን መንገድ ይዛችሁ ወደ አሰላ ስትጓዙ በመጀመሪያ ኢተያን ታገኛላችሁ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው የስንዴ ማሳ ነው፤ አዝመራው በሚደርስበት ወራት ብትመጡ አገሩ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ገዛኸኝ የተወለደው በዚህች ከተማ በ1970 ዓ.ም. ነው። በሲድኒ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲጨርስ ዕድሜው ገና 22 ዓመት ነበር። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ካሸነፈ ወዲህ ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ወርቅ ሳታገኝ 32 ዓመት አልፎ ነበር። ያን ዘመን የዘጋው ይህ የኢተያ ወጣት ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ካናዳ ውስጥ በኤድመንተን ከተማ የዓለም ሻምፒዮናውን ማራቶን፥ ኬንያዊውን ሳይመን ቢዎትን በ1 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ፥ ደገመው። የኦሊምፒክንና የዓለም ሻምፒዮናን ማራቶን ሁለቱንም በማሸነፍ ከወንዶች የመጀመሪያው ሆነ። በሚያዝያ 1995 ዓ.ም. የለንደንን ማራቶን ሲያሸንፍ 25 ዓመት አልሞላውም ነበር።

ይህን የሰማ ሰው ከፊቱ ገና አሥር ዓመት የድል ዘመን አለ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጉዳት አላላቀቀውም። በ1996 ዓ.ም. በአቴና ኦሊምፒክ ባለቤቱ እልፍነሽ ዓለሙ በሴቶች ማራቶን 4ኛ ስትወጣ፥ እርሱ የሲድኒውን ወርቅ ለማስከበር በሩጫው መነሻ ላይ አልነበረም። በጃፓን ፉኩኦካ ማራቶን በ1992 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ድል ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ለንደኑ ድል ድረስ ብትቆጥሩ ታላላቅ ድሎቹ በ4 ዓመት ውስጥ የተጠቃለሉ ናቸው። በመሥሪያ ቤት 4 ዓመት ያገለገለ ጸሐፊ ገና አዲስ ሰው ይባላል፤ መዝገብ ቤቱን አወቀው እንጂ ሥራውን ጨረሰ አይባልም። በሩጫ ግን 4 ዓመት የአንድ ሰው ሙሉ የሥራ ዘመን ሊሆን ይችላል። ኢተያን ስታልፉ ይህን አስታውሱ፤ የሚቆመውን ቀን የሚወስነው ሁልጊዜ ሯጩ ራሱ አይደለም።

ከኢተያ ወደ አሰላ ስትቃረቡ የቁሉምሳን የእርሻ ምርምር ማዕከል ታልፋላችሁ። በአገሪቱ ደጋዎች የሚዘሩ ብዙ የስንዴ ዓይነቶች ተፈትነው የወጡት ከዚህ ነው። በ1960 ዓ.ም. ግድም በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፥ በአጭር ስሙ ካዱ፥ ሥራውን የጀመረውም በዚሁ አገር ነው። ከዚያ አሰላ ትደርሳላችሁ። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፥ በጭላሎ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ዩኒቨርሲቲዋን፥ የብቅል ፋብሪካዋንና በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተጠራውን የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል ሁሉ ለመጎብኘት አንድ ቀን አይበቃም።

ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1965 ዓ.ም. የተወለደው በዚሁ በአሰላ አካባቢ ከገበሬ ቤት ነው። ከ10 ልጆች አንዱ ነበር። ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ነበርና ሲሄድ 10፥ ሲመለስም 10 ይሮጥ ነበር። ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየው የግራ እጁ አያያዝ፥ ክርኑን አጥፎ ወደ ጎኑ ጠበቅ የሚያደርገው፥ ደብተር በብብቱ ይዞ ከመሮጥ የቀረ ልማድ ነው። በ1972 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ሁለት ወርቅ ሲያገኝ ይህ የ7 ዓመት ልጅ ወሬውን የሰማው በሬዲዮ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ በአጭሩ ግን እናስታውሰው። በ10,000 ሜትር 2 የኦሊምፒክ ወርቅና 4 የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አግኝቷል፤ በልዩ ልዩ ርቀት 27 ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው ከአንድ ሰከንድ ከመቶው 9 እጅ በሚሆን ጊዜ ነው። በመስከረም 2001 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲጨርስ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች በመግባት በዓለም የመጀመሪያው ሆነ።

የእኛ ጥያቄ ግን ስለ ማቆሙ ነው። ኃይሌ ማቆም ቀላል አልሆነለትም። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን ጉልበቱን አሞት ከሩጫው ከወጣ በኋላ፥ እዚያው አቆምሁ ብሎ ተናገረ፤ ብዙም ሳይቆይ ቃሉን ለወጠና ተመልሶ ሮጠ። በመጨረሻ በግንቦት 2007 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ሮጦ ሲሰናበት ዕድሜው 42 ዓመት ነበር። በዚያ ቀን ግን ሥራ ፈት አልሆነም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሚባለው ውድድር በእርሱ አነሣሽነት በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር ኃይሌ ገና ሯጭ ነበር፤ የመጀመሪያውን ውድድርም ራሱ አሸንፏል። ሕንፃዎቹና ሆቴሎቹም መሠረታቸው የተጣለው እየሮጠ ሳለ ነው። ከ2009 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠርቷል። እንግዲህ የአሰላው ሰው የሚያስተምረን ይህን ነው፤ ሁለተኛውን ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ሲያልቅ ሳይሆን ገና የመጀመሪያው በሚያብብበት ጊዜ ነበር።

አሰላ ላይ ቡና እየጠጣችሁ ስታርፉ አንድ ሰው፥ «የዚህ አገር ሰው የሚሮጠው አየሩ ስለሚስማማው ነው» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ እውነትነት አለው። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከመውን ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል፤ እዚያ ተወልዶ የሠለጠነም ወደ ዝቅተኛ አገር ሲወርድ ትንፋሽ ይተርፈዋል። ነገር ግን አየሩ ብቻውን ሜዳልያ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ ያለው ደገኛ ሁሉ ሻምፒዮን በሆነ ነበር። ከአየሩ ሌላ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው፥ ልጁን አይቶ «አንተ ሩጥ» የሚል አስተማሪ ነው። ሁለተኛው፥ ለሯጩ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ነው። የጦር ሠራዊቱ፥ የፖሊስና የማረሚያ ቤቶች ክለቦች የገበሬውን ልጅ በወር ደመወዝ ቀጥረው፥ ማዕረግ ሰጥተው ባያሳድጉት ኖሮ ብዙው ሯጭ ከማሳው ባልወጣ ነበር። ኃይሌን ሻለቃ፥ ደራርቱን ኮሎኔል የምንላቸው ከዚሁ የተነሣ ነው። የኢትዮጵያ ሯጭ፥ ውድ አንባቢያን፥ ሥራውን የሚጀምረው ልክ እንደ እናንተ የደመወዝ መዝገብ ላይ ፈርሞ ነው። የውጭ አገር ሽልማት የሚመጣው ኋላ፥ እርሱም ለጥቂቶቹ ነው።

ከአሰላ ወደ ደቡብ ስትወጡ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጭላሎ በስተ ግራችሁ አብሯችሁ ይጓዛል። ሳጉሬን አልፋችሁ ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት ፈቀቅ ያለ ከተጓዛችሁ በኋላ በ2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ በቆጂን ታገኛላችሁ። በመንገዱ የገብስና የስንዴ ማሳ፥ ፈረስ የሚጋልብ ገበሬ፥ እንጨት የጫነች አህያ ይታያል። ብርዱ ከባድ ነውና ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት አትርሱ። ከዚህች አነስተኛ የደጋ ከተማና ከአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉ፥ ፋጡማ ሮባ፥ ቀነኒሳ በቀለ፥ ጥሩነሽ ዲባባና እኅቶቿ ወጥተዋል። ፋጡማ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች፤ ቀጥሎም የቦስተንን ማራቶን 3 ጊዜ በተከታታይ ወስዳለች።

ከሁሉ በፊት የነበረችው ግን በ1964 ዓ.ም. የተወለደችው ደራርቱ ናት። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10,000 ሜትሩን በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ስትጨርስ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሁለተኛ የወጣችው የደቡብ አፍሪካዋ ነጭ ሯጭ ኢላና ሜየር ነበረች። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ተከልክላ ከኦሊምፒክ ከራቀች ከ32 ዓመት በኋላ የተመለሰችበት ጊዜ ነበር። ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ያየ ሰው ሁሉ ያን ቀን አይረሳውም።

ከዚያ በኋላ ጉዳት መጣ፤ በአትላንታ 4ኛ ወጣች፤ በ1990 ዓ.ም. ልጅ ወለደች። አለቀላት ያለ ብዙ ነበር። እርሷ ግን በባርሴሎና ካሸነፈች ከ8 ዓመት በኋላ በሲድኒ በ30 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግባ ወርቁን መለሰችው። በዚያው በ1993 ዓ.ም. የለንደንን ማራቶንና የዓለም ሻምፒዮናውን 10,000 ሜትር ጨመረችበት። ነሐሴ 21 ቀን 1996 ዓ.ም. በአቴና የነሐስ ሜዳልያ ስታገኝ 32 ዓመቷ ነበር፤ አሁንስ በቃት ተባለ። ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም. ግን በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ አሸነፈች። ይህን ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናት። ሩጫውን ትታ ደግሞ ኃይሌ የለቀቀውን የፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት በ2011 ዓ.ም. ተረክባ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ መራች። በእርሷ ቦታ የተመረጠውም ሌላው ሯጭ ስለሺ ስህን ነው። አንድ ጊዜ በሜዳው የነበሩት ዛሬ ሜዳውን የሚያስተዳድሩ ሆነዋል ማለት ነው።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ አሸናፊዎች ነው። በቆጂ ላይ ግን ሌላም የሚታይ አለ። በከተማይቱ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ለብዙ ዓመታት ወጣቶችን ሲያሠለጥኑ ኖረዋል፤ አስቀድሞ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ። ደራርቱም፥ ቀነኒሳም፥ ጥሩነሽም በልጅነታቸው በእርሳቸው እጅ አልፈዋል። ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ በሜዳው የሚሮጡትን ልጆች ስታዩ ልባችሁ ይሞቃል። ግን እስቲ እንደ ሒሳብ ሹም ወረቀት አውጥተን እንቁጠር። አንድ አገር በኦሊምፒክ በአንድ ርቀት ከ3 ሰው በላይ ማሰለፍ አይፈቀድለትም። ኢትዮጵያ የምትታወቅባቸው ውድድሮች 1,500 ሜትር፥ 3,000 ሜትር መሰናክል፥ 5,000 ሜትር፥ 10,000 ሜትርና ማራቶን ናቸው፤ 5 መሆናቸው ነው። በሴትና በወንድ ብናበዛው 30 ቦታ ይሆናል። ይህም ለመላው አገር፥ በየ4 ዓመቱ አንድ ጊዜ ነው። ከዚሁም ውስጥ አንዳንዱ ሯጭ ሁለት ቦታ ይይዛል። በውጭ አገር ከተሞች የሚደረጉት የጎዳና ውድድሮች ለጥቂት መቶዎች ተጨማሪ እንጀራ ይሆናሉ እንበል። የቀሩትስ?

የቀሩት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አንዱ ወደ ማሳው፥ አንዱ ወደ ሱቅ፥ አንዱ ወደ ጋሪው፥ አንዷ ወደ ትዳሯ ትመለሳለች። ይህ ነውር አይደለም፤ ጤናማ ሰውነትና ማለዳ የመነሣት ልማድ ይዘው ነው የሚመለሱት። ጉዳቱ ያለው ልጁ ለሩጫ ብሎ ትምህርቱን የተወ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ ሩጫው ጥሎት ሲሄድ የሚይዘው ነገር አይኖረውም። ኃይሌ እንኳ 27 ክብረ ወሰን ይዞ ሳለ ሌላ ሥራ ጎን ለጎን አስኪዷል፤ አንድም ሜዳልያ ያላየው ልጅ ደብተሩን የሚጥልበት ምክንያት ምንድን ነው? የአሰላው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ በብብቱ የነበረው ደብተር ነበር፤ ከታሪኩ ውስጥ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

እናንተም ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ከዚህ መንገድ የምትወስዱት አይጠፋም። ሥራ ማለት ወንበሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወንበሩ በጉዳት፥ በዝውውር ወይም በዕድሜ ይታጣል፤ እንደ ገዛኸኝ በ25 ዓመት ግድም ሊሆን ይችላል፥ እንደ ኃይሌ በ42 ዓመት ሊሆን ይችላል። «አለቀልህ» የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ደራርቱ በኒው ዮርክ ጎዳና ላይ የሰጠችውን መልስ አስቡ።

በቆጂ አድራችሁ ማለዳ ወደ ልምምዱ ሜዳ ከወጣችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከፊት የሚሮጠውን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ስሙንም ነገ ጋዜጣ ይነግራችኋል። እናንተ ግን ከኋላ የቀረውን ልጅ ጠብቁት። ትንፋሹን ሲሰበስብ ሰላምታ ስጡትና ስንተኛ ክፍል እንደ ሆነ ጠይቁት። ዘንድሮ ትምህርት ቤት አልገባሁም ካላችሁ፥ ወሬውን በዚያ አትተዉት፤ አሠልጣኙን ፈልጋችሁ ንገሩ።